የግራ አንገት ጥላ

የሙሽራዪቱ የብስራት አንገት ግድግዳው ላይ የበራው ብርንዶው ከነጮማው ለሁሉም ከታደለ በኋላ ነው።

ቀኑ እሑድ ነው፤ ጥር 2098 ዓ.ም.። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሽምግልና ተልኮ ፈቃድ ከተገኘ ቀጥሎ የሚመጣው የአምሳያ ቀን ነው። የሁለቱ ቤተሰቦች ሰዎች አንድ ሳሎን ይቀመጡና የሙሽራውና የሙሽራዪቱ የደም ሥሮች ከአናት እስከ እግር ጣት ግድግዳ ሙሉ ሆነው ሲፈሱ ምሳ እየበሉ ያያሉ። ድሮ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር አሉ። አሁን የማን ልጅ እንደሆንክ የሚጠይቅህ የለም፤ የግራ አንገትህ ስንት ከመቶ ክፍት እንደሆነ ከታወቀ በቂ ነው። ዕድር ለመግባት እሱ ነው፣ ሥራ ለመቀጠር እሱ ነው፣ አውቶቡስ ለመንዳትም እሱ ነው።

የብስራት እናት ማስተዋል ይህን ቀን ስትፈራው ከርማለች። የፈራችው ለልጇ አልነበረም፤ ለራሷ ሆድ ነበር። በሥራዋ በቀን አርባ አንገት ታያለች። ቢሮ ውስጥ አንገት አንገት ነው፤ ቁጥር ተለጥፎበት ይመጣል፣ ፊርማ አርፎበት ይሄዳል። በገዛ ሳሎኗ፣ ከልጇ የምረቃ ፎቶ አጠገብ፣ የዚያችው ልጅ የውስጥ ሥር እንደተገፈፈ ነገር እርጥብ ሆኖ ሲላወስ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው ሁሉ ሥጋ እያላመጠ ቀና ብሎ ሲያይ ግን ሌላ ነው። ድምፅም አለው። ሰርግ ላይ ከከበሮ ጋር አዋህደው የሚያስጨፍሩበት ያ ሹሽ፣ ሹሽ የሚል የፍሰት ድምፅ ሳሎኑን ሞልቶታል። 

ባሏ አጥናፉ ጥጉ ላይ ባለው ሶፋ ተደግፎ ተቀምጧል። ከስምንት ዓመት በፊት የግራ አንገቱ ደም ቅዳ ጠቧል ተብሎ ተጠገነ። ከጥገናው ጠረጴዛ ላይ የወረደው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ቀኝ እጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይታዘዘውም። ከቃላቱ ሁሉ ደግሞ የቀረችለት አንዲት ናት፤ "እሺ"። ሲርበው እሺ፣ ሲናደድ እሺ፣ ሲያለቅስ እሺ። ድሮ የአማርኛ መምህር ነበር፤ አንድ ነገር ማስረዳት ከጀመረ ደወል የማያስቆመው ሰው። አሁን እንደ ልማዱ በግራ እጁ የአንገቱን ማተብ ጎትቶ፣ ክሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መስቀል በጥርሱ ነክሷል። ለሃጩ በክሩ ላይ ተንጠባጥቦ ሸሚዙን አርሶታል።

ማስተዋል ተነሥታ አገጩን በመሐረብ ጠረገችና መስቀሏን ከአፉ አወጣችው። እርጥቡ ክር ጣቷ ላይ ሲጣበቅ ሰውነቷን ሰቀጠጣት። እንግዶቹ ፊት አፈረችበት፤ ማፈሯ ደግሞ ከለሃጩ ይበልጥ አስጠላት።

"ተይው እንጂ፣ እሱ እንደሆነ ልጅ ሆኗል" አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጮማቸውን አዋዜ ውስጥ እየነከሩ።

"እሺ" አለ አጥናፉ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበር።

አምሳያ ላይ ደም ረጋ ብሎ የሚሄድበት ቦታ ሰማያዊ ነው፤ ተጣቦ የሚሮጥበት ቀይ። የሙሽራው የኢዮስያስ ከአናት እስከ ጣት ሰማያዊ ሆኖ አልፏል፤ አክስቶቹም እልል ብለውለታል። የብስራት ከልቧ ተነሥቶ፣ ደረቷን አልፎ፣ አንገቷ ላይ ሲደርስ የኢዮስያስ እናት ወ/ሮ ርብቃ የያዙትን ጉርሻ መለሱት።

"ቆይ፣ ቆይ። እስቲ ወደ ግራ አንገቷ መልሱልኝ።"

ተመለሰ። በግራ በኩል፣ ከመንጋጋዋ ዝቅ ብሎ፣ ሥሩ እንደታነቀ ከረጢት ተሸብሽቦ ከጠበበው ቦታ ቀይ ይተፋል። አጠገቡ ቁጥሩ በርቷል፤ ሰባ አንድ ከመቶ የጠበበ።

 የሚሰማው ማላመጥና ሹሽታው ብቻ ሆነ። መብላቱን ያቆመ ሰው አልነበረም።

"እንግዲህ አንደባበቅም" አሉ ወ/ሮ ርብቃ አፋቸውን በናፕኪን ጠርገው። "ከሰባ በላይ ከሆነ ጥገና ነው፤ ሕጉም ይላል። ትጠገንና ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን። ልጅቷን ጠላናት አላልንም።"

"ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው እኮ" አለች ማስተዋል። "በዚህ ዕድሜ ሰባ አንድ?"

"እሱንስ እርስዎ ያውቁታል እንጂ እኛ ምን እናውቃለን? የፈረመበት የእርስዎ መሥሪያ ቤት አይደል?"

ኢዮስያስ ሳህኑን ያያል። ብስራት ፊቷ አመድ መስሏል፤ ግን አንገቷን አልደፋችም። በአንድ እጇ የአንገቷን ማተብ እያሻሸች በሌላው ስልኳ ላይ ቀጠሮ ስትፈልግ ቆየችና "ለሐሙስ አለ። ሐሙስ ጠዋት" አለች።

አክስቶቹ እልል አሉ። ልጅቷ አንገቷን ልትቆረጥ ነው፣ እነሱ እልል አሉ። ማስተዋል ጓሮ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ የበላችውን ሁሉ መለሰችው። የአጥናፉም ጥገና ሐሙስ ጠዋት ነበር።

*

"ፍሰትዎ እንዴት አደረ?" አላት የማዕከሉ ዘበኛ ሰኞ ጠዋት።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ሰማያዊ ነው።"

ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚባባለው፤ ማስተዋልም ሳታስበው ትመልሳለች።

ሥራዋ አስማሚነት ነው። የማንም ሰው አምሳያ ከሦስት ምስሎች ይሠራል፤ ከሲቲ፣ ከኤምአርአይና ከአልትራሳውንድ። ሦስቱ ስለ አንድ ሥር ሲጠየቁ ሦስት ዓይነት ቃል ይሰጣሉ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምታስተምረው እሷ ናት።

"ሲቲ ዓይኑ ስል ነው" ትላለች። "ግን ሥሩ ላይ እንደ ኖራ የደረቀ ነገር ካየ ያጋንናል፤ ስንጥሯን ምሰሶ ያደርጋታል። ኤምአርአይ መርፌም ቀለምም ሳይፈልግ ደሙን ራሱን ሲሄድ ያያል፤ ግን ደንባራ ነው። ደሙ ከተሽከረከረበት፣ ወይም ብረት፣ ማግኔቱ የማይስበው እንኳ ቢሆን፣ አጠገቡ ካለ፣ እዚህ ምንም የለም ብሎ ጥቁር ይተዋል። አልትራሳውንድ እንደያዘው እጅ ነው። ጥሩ እጅ ከያዘው ግን የደሙን ፍጥነት እንደ እሱ የሚነግርሽ የለም።"

አስማሚ ሦስቱን አነጻጽሮ አንድ ቅርፅ ያጸድቃል። ከዚያ ማሽኑ በጸደቀው ቅርፅ ውስጥ ደሙን ያፈሰዋል። ቅርፁ ከተሳሳተ ፍሰቱም አብሮ ይሳሳታል፤ ያልታመመ ሰው ግድግዳ ላይ ቀይ ይተፋል። ሦስቱ ካልተስማሙ ደግሞ ደንቡ አጭር ነው፤ ጠባቡን ያዝ። ሰፊ ነው ብሎ የፈረመ ሰው፣ ባለ አንገቱ ስትሮክ ቢመታው ይጠየቃል። ጠባብ ነው ብሎ ፈርሞ የተጠየቀ ሰው የለም። ለአንድ አንገት የሚፈቀደው አሥር ደቂቃ ነው። አድልዎ እንዳይኖር ተብሎ ስምም ዕድሜም አይጻፍም። ማስተዋል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠባቡን ስትይዝ ኖራለች፤ አንድም ቀን እንቅልፍ አጥታበት አታውቅም።

አንድ ሌላ ደንብም አለ። አስማሚ የፈረመውን ፊርማ ማንሣት ይችላል። ያነሣ እንደሆነ ምክንያቱ ወዲያው በባለ አንገቱ ቤት ግድግዳ ላይ ይነበባል፤ ጥገና ከተቀጠረለትም ቀጠሮው ይሰረዛል። ፊርማውን ያነሣ ሰው ግን እስከዛሬ አልታየም። አንሥቶ ምን ሊሆን? የሚጠየቅበትን በገዛ እጁ መጻፍ ነው።

የምሳ ሰዓት ሲሆን በሯን ዘጋችና የብስራትን ጥሬ ምስሎች አወጣች። ጥሬ ምስል የባለቤቱ ነው፤ የሚጠይቀው ግን የለም። ብስራት የፈቀደችላት እያጉረመረመች ነበር። "እይው፣ ግን ሐሙስን እንዳትነኪብኝ" ብላታለች።

ሲቲው ላይ የግራ ሥሯ ንጹሕ ነው፤ ዛሬ የተገጠመ ቧንቧ ይመስላል። አልትራሳውንዱም ደሙ ያለ አንዳች ችኮላ ሲሄድ ያሳያል። ኤምአርአዩ ላይ ጥቁር ንክሻ አለ። ሁለቱ ክፍት ነው አሉ፣ አንዱ ጠቧል አለ፣ አንዱ ባልደረባዋ ጠባቡን ይዞ ፈረመ። እሷም ብትሆን ያንኑ ታደርግ ነበር።

በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድን አንገት ከአሥር ደቂቃ በላይ አየችው። የጥቁሩ ጠርዝ ቀጥ ያለ ነው። በሽታ እንዲህ አይቆርጥም፤ በሽታ ይንዠረገጋል፣ ይጎረብጣል። ደግሞ ጥቁሩ የሚጀምረው ከሥሩ አልነበረም። ከቆዳዋ ውጭ ጀምሮ ነው ወደ ውስጥ የገባው። ከሰው ውጭ የሚጀምር በሽታ ደግሞ የለም።

የዕለቱን አርባ አንገቶች አንድ በአንድ ከፈተች። በስምንቱ ላይ ያው ጥቁር አለ። ሁልጊዜ በግራ።



*

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ኤምአርአይ ክፍል ወረደች። ማሽኑን ከጥንት ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው ዘርይሁን ነው፤ ሸበቶ፣ ረጋ ያለ፣ ታማሚ ሲያስተኛ "አይዞሽ የኔ እናት" ማለት የማይረሳ ሰው። አንዲት ወፍራም ሴት ሊያስተኛ እያዘጋጃት ነበር። ጉትቻዋን አስወለቃት፣ ቀለበቷን፣ የፀጉር መያዣዋን፣ የጡት መያዣዋን ከነማያያዣው። ሁሉንም ቆጥሮ ሳህን ላይ አኖረው። ሴትዮዋ ተጋደመች። ትራሱ ከአገልግሎት ብዛት በግራ በኩል ረግቧል፤ ራሷ ወደዚያው ዘመም አለ። የአንገቷ መስቀል በማተቧ ላይ ተንሸራትታ ሄደችና ከግራ መንጋጋዋ ሥር ደም ሥሯ በሚመታበት ቦታ ላይ ተኛች።

ማሽኑ ሴትዮዋን ዋጣት።

"ጋሽ ዘርይሁን፣ ማተቧን አላወለቀችም እኮ" አለች ማስተዋል።

"ማተብ ብረት ነው እንዴ?" አላት ከልቡ ተገርሞ።

"መስቀሏስ?"

"እሷማ ቅይጥ ናት፣ ማግኔቱ አይስባትም። የማይስበው ነገር ምን ይጎዳል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መጀመሪያ ሰሞን እናስወልቅ ነበር። ክሩ ቋጠሮው አይፈታም፣ መቁረጥ ነው። አንዲት እናት መቀሱን ሲያዩ፣ ከእሱ በፊት አንገቴን ቁረጡት ብለው ተነሥተው ሄዱ። እኔስ ብሆን ክርስቲያን ነኝ፤ በየቀኑ የሰው ማተብ ስበጥስ ልዋል? ከዚያ ወዲህ እኛም አንጠይቅ፣ እነሱም አያነሡ። ቅጹ ላይ 'ብረት፦ የለም' ብለን እንሞላለን።"

"ሲቲ ክፍል ያሉትስ?"

"እነሱ ምን አለባቸው፣ አራት ሰከንድ ነው። መስቀሏን በጥርስሽ ንከሻት ይሏታል፣ ያልቃል። እዚህ ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ማን ነክሶ ይተኛል? አልትራሳውንድ የምትሠራዋም በጣቷ ገፋ ታደርጋታለች።"

ማስተዋል አንድ ነገር ሽው አላት፤ በጥርስ የተያዘ መስቀል የት እንዳየች ልታስታውስ ስትል ማሽኑ ማንኳኳት ጀመረና ጠፋባት።

"ለእኛ ለአስማሚዎቹ ለምን አልተነገረንም?"

"መቼ ጠየቃችሁን?" አላት ዘርይሁን። ክፋት አልነበረበትም። ስክሪኑ ላይ ብቅ ወደሚለው የሴትዮዋ አንገት ዞረ። በግራ በኩል ጥቁሯ ቦታ ከወዲሁ ትታይ ነበር።

*

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሳምሶን ምሳውን ቢሮው ነው የሚበላው። ማስተዋል ስትገባ ዱለት በቂጣ ይዟል። ፊት ለፊቱ ግድግዳው ላይ የማያውቀው ሰው አንገት እየፈሰሰ ነው፤ የመስኮት ያህል እንኳ አይቆጥረውም። ሦስቱን ምስሎች አሳየችው። ስለ ማተቡ፣ ስለ ረገበው ትራስ፣ ስለ ስምንቱ አንገቶች ነገረችው። እያላመጠ በጥሞና ሰማት። ሰው ሲናገር የማያቋርጥ ጨዋ ነው።

"ልጅዎ ነገ ትምጣ" አላት። "ማተቧን አውልቃ እንደገና ትነሣ። በአንድ ሰዓት አዲስ አምሳያ ይወጣላታል፣ ሐሙስም ይሰረዝላታል።"

"ሌሎቹስ ዶክተር?"

"ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ማተብ ይወልቃል። በጸጥታ።"

"ሐሙስ ከልጄ ጋር የተቀጠሩት ሃያ ሰዎች ናቸው። ቢያንስ ግማሾቹ ላይ ፊርማው የእኔ ነው።"

"የእነሱን ብንነካ ያለፈው ሁሉ ይነካል። አንዷን ክር ስበው ጋቢውን ሊተረትሩት ነው?"

"ያለፉትስ? የተጠገኑት?"

"የተጠገነው ተጠግኗል እኮ፣ እትዬ ማስተዋል። ሄደን ምን እንበላቸው? ጤነኛ አንገታችሁን ነው የቆረጥነው? ሰዎቹ እኮ ከሞት ተረፍን ብለው ስለት እያስገቡ ነው። ይህን ደስታቸውን ልንቀማቸው ነው?" አዘነላት። የምሩን ነበር ያዘነው። "ልጅዎን ሰጥቼዎታለሁ። እርስዎም ዝም ይሉልኛል። እስከ ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ያስቡበትና ይንገሩኝ።"

ከከንፈሩ ጥግ የጉበት ቁራጭ ተጣብቃ ነበር፤ በተናገረ ቁጥር ትነቃነቃለች። ማስተዋል ዓይኗን ከእሷ ላይ ማንሣት አቃታት። የቢሮው አየር በሙሉ ጨጓራና ሚጥሚጣ ይሸት ነበር። የሚያቅለሸልሻት ግን ሽታው አልነበረም። ሰውየው ልጇን እንደ ጉርሻ ጠቅልሎ አፏ ላይ ይዞላታል፤ እሷም አፏን ልትከፍት ምንም አልቀራትም።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ግን አንድ ነገር አደረገች፤ በሞግዚትነት መብቷ የአጥናፉን የዛሬ ስምንት ዓመት ጥሬ ምስሎች አወጣች።

ሲቲው ንጹሕ ነው። አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው። ኤምአርአዩ ላይ፣ በግራ፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ ያላት ጥቁር አለች። ይህን ጠብቃዋለች። ያልጠበቀችው ከሥር የተጻፈውን ነው። የጸደቀው ቅርፅ፦ ጠባቡ። አስማሚ ቁጥር፦ 4417።

4417 እሷ ናት።

ሰዓቱም አለ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ለዕለቱ ሠላሳ አንደኛው አንገት። ስም አልነበረውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ያደረችውን፣ ፊቷን ቀብራበት ያለቀሰችውን አንገት ቁጥር ለጥፈው ሲያመጡላት አላወቀችውም። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሰጠችውም፤ አራት ደቂቃ ነው የፈጀባት። ልታስመልስ ጎንበስ አለች፣ ምንም አልወጣም። እሑድ በምራቅና በሥጋ ያስመለሳት ሆድ ዛሬ እምቢ አላት። የሚወጣ ነገር ቢሆን ኖሮ ራሷን ነበር የምትተፋው።

ቤት ስትደርስ ብስራት ለነገ ሆስፒታል የምትይዘውን ሻንጣ እያዘጋጀች ነበር። አጥናፉ ሶፋው ላይ ነው። ማስተዋል ጫማዋን ሳታወልቅ ስለ ማተቡም ዶክተሩ ስላለውም ነገረቻት።

ብስራት ሰማቻት፤ ከዚያ ፒጃማዋን ማጠፏን ቀጠለች።

"እማ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንቱን ፈርመሽ ላክሽ? ያን ጊዜ ማሽኑ ልክ ነበር። የኔ ሲሆን ተሳሳተ?"

"የኔ ልጅ..."

"የሙሽራ እናት ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው! ሁለተኛ የተነሣ አምሳያ ምልክት ይደረግበታል፤ ወ/ሮ ርብቃ ያዩታል። በእናቷ ሥልጣን አስለወጠች ነው የሚሉት። ተጠግኜ ብገባ ይሻለኛል። ሰው ሁሉ ይጠገናል።"

"አባትሽ ተጠግኗል" አለች ማስተዋል።

የአጥናፉን ምስል ግድግዳው ላይ ለቀቀችው። ከጎኑ የብስራትን አደረገች። ጥቁሯ እዚያም እዚያም በአንድ ቦታ፣ በአንድ መልክ ቆማለች። ብስራት ከሻንጣው ቀና አለች። ቁጥሩንም አነበበችው፤ 4417 የማን እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃለች፤ የእናቷ የሥራ ጋውን ላይ የተጠለፈ ነው።

"እማ፣ ይሄ ያንቺ..."

"አዎ።"

ያኔ አጥናፉ ማተቡን ጎተተና መስቀሏን ነከሳት። ለሃጩ ወረደ። ማስተዋል እጇ ለምዶባት መሐረቧን ይዛ ወደ እሱ ሄደች፣ ከአፉ ልታወጣለት። አጥናፉ በግራ እጁ እጇን መታት። መትቷት አያውቅም። ደንግጣ ቆመች።

ዓይኑን ግድግዳው ላይ እንደተከለ መስቀሏን ነክሶ ትንሽ ቆየ፤ እስከ አራት የመቁጠር ያህል። ከዚያ ለቀቃት። ከዚያ ቀስ ብሎ በጎኑ ሶፋው ላይ ተጋደመና ራሱን ወደ ግራ ዘመም አደረገ። መስቀሏ ተንሸራትታ ከመንጋጋው ሥር፣ የጥገናው ጠባሳ ላይ ተኛች። በግራ እጁ አውራ ጣት እዚያው ላይ ተጫናት። ቀጥሎ ጣቱን አነሣና ግድግዳው ላይ ወዳለችው ጥቁር ጠቆመ።

 እንደገና ተነሥቶ ተቀመጠ። እንደገና ነከሳት። ለቀቃት። ተጋደመ። ጠቆመ።

"እማ" አለች ብስራት። "ሲቲ ክፍል እኮ እንዲህ ንከሱ ነው የሚሉት። እኔንም ብለውኛል።"

ማስተዋል ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሰውየው ስምንት ዓመት ሙሉ ሲናገር ነበር። አንዱ ክፍል ንከሳት እንዳሉት፣ ሌላው ክፍል ዝም እንዳሉት፣ የት ላይ እንደተኛች፣ ሁሉንም ያውቃል። የአማርኛ መምህር ነው፣ ነገርን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው የሚያስረዳው። እሷ ደግሞ ገና መጀመሪያው ላይ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በቀን አሥር ጊዜ፣ ፊቷን አጨማድዳ አፉን ጠርጋ ስትዘጋበት ኖራለች።

"አጥናፉ" አለችው። "የፈረምኩት እኔ ነኝ። አላወቅኩህም።"

አያት። ከዓይኑ ላይ ምንም ማንበብ አልቻለችም።

"እሺ" አለ።

የትኛው እሺ እንደሆነ አታውቅም። ልትጠይቀውም ፊት አልነበራትም። ብስራት ሻንጣዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ሐሙስን ሰረዘችው። ወዲያው ኢዮስያስ ጋ ደወለች። "አንገቴን አላስነካም፤ ከነዚህች ጥቁሬ የምትፈልገኝ ከሆነ ና፣ ካልሆነ ለእናትህ ሌላ ግድግዳ ፈልግላቸው" አለችው። መልሱን ሳትጠብቅ ዘጋችና አባቷ እግር ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዶክተር ሳምሶን መልስ የሚጠብቅበት ሰዓት ሊደርስ ነው፤ ልጇ ከቢላዋው ስለተረፈች አሁን ዝም ማለት ብቻ ይበቃት ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ሃያዎቹ ነገ ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይመጣሉ፤ ከእነሱም አንዱ ወይም ሁለቱ በአንድ ቃል ብቻ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ማስተዋል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊርማዎቿን ግድግዳው ላይ አወጣች። ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም፤ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ወርዶ ገና ይቀጥላል። በግራ ጠባብ የሆኑትን ብቻ ለየቻቸው። የማንሣቱን ትእዛዝ ከፈተች። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ማተብ ብላ ጻፈች።

ይህን ካደረገች በሺዎች ቤት ግድግዳው ተራ በተራ ይበራል። እሷም ነገ ትያዛለች። ይህን ስታስብ ከእሑድ ጀምሮ አንቆ የያዛት ማቅለሽለሽ ትንሽ ላላ አለላት።

ወደ ሶፋው ዞረች። አጥናፉ መስቀሏን እንደገና ነክሷል። ለሃጩ ይወርዳል፤ መሐረቧ ምንጣፉ ላይ ወድቋል፣ አላነሣችውም።

"ላንሣው?" አለችው። "ሁሉንም? ያንተንም ጭምር?"

አጥናፉ መስቀሏን ከጥርሱ ለቀቃት።

"እሺ" አለ።

በስምንት ዓመት ውስጥ ያቺ ቃል በቦታዋ ስትገባ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ማስተዋል ፊርማዋን ማንሣት ከእሱ ቁጥር ጀመረች።